ለውሃ ተራ አለን፤ ለልጃችን ጤናስ?



ዛሬ ስለ አንድ በሽታ ሳይሆን ለብዙ በሽታ በር ስለሚከፍት ጉዳይ አወራችኋለሁ፤ ሥራንና ቤተሰብን አብሮ ስለ መምራት። በተለይ በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ለምትኖሩ ወላጆች ነው የጻፍኩት፤ ሌላ ቦታ ያላችሁም ራሳችሁን የምታገኙበት ይመስለኛል። ረዘም ስለሚል ታግሣችሁ አንብቡት።

በአንድ ታሪክ ልጀምር። የማንም ማንነት እንዳይታወቅ የብዙ ቤተሰቦችን ታሪክ አዋህጄ ነው የምነግራችሁ።

ወሩ ጥቅምት ነው። አንዲት እናት የ3 ዓመት ልጇን በአንቀልባ አዝላ ገባች። ልጁ ካተኮሰው ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከንፈሩ ደርቋል፤ ዓይኑን መግለጥ ታክቶታል፤ የሰጡትን ሁሉ ያስመልሳል። ደሙ ሲመረመር ወባ ሆኖ ተገኘ። እኔም እንደ ልማዴ «እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?» ለማለት አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ።

«ዶክተር፣ ትናንትና ከትናንት ወዲያ የውሃ ተራችን ነበር። ሽንኩርቱ ገና ችግኝ ነው፤ ተራው ካለፈን ይደርቅብናል። አባቱ ሌሊት ውሃው ላይ፣ እኔ ቀን ቀን። ዛሬ ጎህ ሳይቀድ ነው የወጣሁት» አለችኝ።

ቁጣዬን ዋጥኩት። ይህች እናት ግድየለሽ አይደለችም። አላዋቂም አይደለችም፤ ወባ ምን እንደሆነ ከእኔ በፊት ታውቀዋለች፣ ያደገችበት በሽታ ነው። ያደረገችው ሁለት ትልልቅ ጉዳዮችን በሁለት እጅ መያዝ ነው። ሽንኩርቱ የልጆቹ ደብተርና የዘር ብድሩ መክፈያ ነው። ከባሏ ጋር ሌሊቱንና ቀኑን ተካፈሉ፤ ልጁን ደግሞ ለሦስተኛው ቀን ንጋት ቀጠሩት። ይህ ዕቅድ ነው። የዕቅዱ ስሕተት አንድ ነው፤ መጠበቅ የማይችለውን ነገር ወረፋ አስያዙት።

እኛ የጤና ባለሙያዎች «ኅብረተሰቡ ግንዛቤ የለውም» ማለት እንወዳለን። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። የይፋት ወላጅ ሥራውንና ቤቱን መምራት ያውቃል። የጎደለው ሌላ ነው፤ ጤና በቤት ውስጥ ተራ የለውም። ለውሃ ተራ አለን፣ ለዕቁብ ተራ አለን፣ ለደቦ ተራ አለን። ለልጅ ክትባት፣ ለነፍሰ ጡር ክትትል፣ ለአባት የደም ግፊት መድኃኒት ግን የተወሰነ ቀንም የተመደበ ሰውም የለም። «ሲመቸን» ነው የሚባለው። ሲመቸን ደግሞ አይመጣም።

የሥራው ወቅትና የበሽታው ወቅት አንድ ላይ ነው

ይህን የአካባቢያችንን ጠባይ ልብ በሉት። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከጣርማ በርና ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርደን የምናገኛት ሞቃት ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር አካባቢ ነው። በአገራችን ወባ በዋናነት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ ቦታዎች ስለሆነ እኛ መኻሉ ላይ ነን። ዋናው የወባ ወቅት ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ነው።

እስቲ የሥራችሁን ወቅት አስቡት። ማሾ የሚሰበሰበው፣ ማሽላ የሚያሽተውና ወፍ የሚጠበቀው፣ የመስኖ ሽንኩርት የሚተከለው መቼ ነው? በእነዚሁ ወራት ነው። እጅ በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ትኩሳት ይመጣል። ይባስ ብሎ ሥራው ራሱ ለወባ ያጋልጣል። ማሽላ ለመጠበቅ ማማ ላይ የሚያድር ልጅና ሌሊት ቦይ ሲከፍት ሲዘጋ የሚያነጋ አባት አጎበራቸው እቤት ተሰቅሎ ነው የሚያድሩት። የወባ ትንኝ የምትነድፈው ደግሞ ከምሽት እስከ ንጋት ባለው ጊዜ ነው።

ስለዚህ «ሥራችሁን ተዉና ጤናችሁን ጠብቁ» የሚል ምክር እዚህ አይሠራም። ሥራውን የሚተው የለም፤ መተውም የለበትም። የሚያዋጣው ሁለቱን ግቦች አውቆ መምራት ነው።

ሰዎች እንዴት ያስታርቋቸዋል?

ሂርሺ፣ ሾክሊ እና ዛኸር የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጽሑፍ፣ ሰዎች የሥራና የቤተሰብ ግቦቻቸውን የሚያስኬዱባቸውን መንገዶች በአራት ከፍለዋቸዋል። አንደኛው ያለንን ጊዜ፣ ጉልበትና ገንዘብ ማከፋፈል ነው። ሁለተኛው አጋዥ መጨመር ወይም እንቅፋት ማንሳት፣ ሦስተኛው ግቦቹን ቅደም ተከተል ማስያዝ፣ አራተኛው ግቡን ራሱን ማሻሻል ነው።

ጽሑፉን ሳነብ ወደ አእምሮዬ የመጣው ያች ባለ አንቀልባ እናት ናት። የመጀመሪያውንና ሦስተኛውን መንገድ ተጠቅማለች፤ ጉልበት ተካፍላለች፣ ወረፋ አስይዛለች። ሁለተኛውና አራተኛው ግን አልታሰቡም። እስቲ እያንዳንዱን ከጤና ጋር አያይዘን እንያቸው። ከቅደም ተከተሉ እጀምራለሁ፤ ሕይወት የሚያስከፍለው እሱ ነውና።

1. ቅደም ተከተል፦ የቱ ይጠብቃል፣ የቱ አይጠብቅም?

የቤታችሁን የጤና ጉዳይ ሁሉ በሦስት ክፈሉት።

ሀ. ፈጽሞ ወረፋ የማይጠብቅ

በቆላ ለሚኖር ከ5 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ትኩሳት በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት። ብርቱው የወባ ዓይነት ሕፃን ልጅን ለከፋ አደጋ ለማድረስ ቀናት ላያስፈልጉት ይችላል። ከሁለት ወር በታች ያለ ጨቅላ ካተኮሰው ደግሞ ሰዓቱን ሳትቆጥሩ ወዲያው ይዛችሁት ውጡ።

የሚከተሉትን ምልክቶች ካያችሁ ውሃም፣ ገበያም፣ ሰርግም ይቁም፦
- ልጁ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው
- የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ
- ካንቀጠቀጠው ወይም ራሱን ከሳተ
- ከተለመደው ውጭ ከደከመና ከፈዘዘ
- ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ

ለነፍሰ ጡር እናት ደግሞ ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር፣ ማንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት፣ የሽርት ውሃ መፍሰስ ወይም የጽንስ እንቅስቃሴ መቀነስ ወረፋ አይጠብቁም።

ለ. ቀን ያለው

ይህ ለጥቂት ቀናት ሊገፋ ይችላል፤ ሊረሳ ግን አይገባም። የሕፃናት ክትባት እንደተወለደ፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ከዚያም በ9 ወርና በ15 ወር ነው። ሌላም ካለ ካርዱ ላይ ይጻፍላችኋል። በተለይ የ15 ወሩ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። የነፍሰ ጡር ክትትል ቢያንስ 8 ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያው ከ12 ሳምንት በፊት ቢሆን ይመረጣል። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የቲቢ እና የኤችአይቪ መድኃኒትና ቀጠሮም እዚሁ ይገባሉ። ክኒኑን በየቀኑ መዋጥ ግን ለአንድ ቀንም አይገፋም።

የተጀመረ የወባ መድኃኒትን መጨረስም እዚህ ነው። ኮአርተም በ3 ቀን ውስጥ 6 ጊዜ የሚወሰድ ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ፣ ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር ቢሆን ይመረጣል። ብዙ ቤት ውስጥ ትኩሳቱ ሲበርድ ሰውየው ወደ ማሳው ይመለሳል፣ የቀረው ክኒን «ለሌላ ቀን» ይቀመጣል። ያ የተረፈ ክኒን ያልተጨረሰ በሽታ ነው። ለ14 ቀን የሚወሰድ ፕሪማኩዊን የታዘዘላችሁም እንዲሁ ጨርሱት፤ ጉበት ውስጥ ተደብቆ በሌላ ሥራ በበዛበት ወር የሚያገረሸውን ወባ የሚያጠፋው እሱ ነው።

ሐ. የሚሸጋሸግ

የቆየ ቀላል የቆዳ ማሳከክ፣ አስቸኳይ ያልሆነ የመነጽር ምርመራና የመሳሰሉት ከአዝመራ በኋላ ቢሆኑ ችግር የለውም። ይህን የምነግራችሁ ሁሉን ነገር «አስቸኳይ» ብሎ የሚያስጨንቅ ሐኪም መጨረሻ ላይ የሚሰማው ስለሌለ ነው። ሥራችሁን አውቀን የሚጠብቀውን ይጠብቃል ካልናችሁ፣ አይጠብቅም ያልናችሁን ታምናላችሁ ብዬ ነው።

2. ማከፋፈል፦ ባለቤት የሌለው ግብ አይፈጸምም

የሽንኩርት ነጋዴ በስልክ ይጠራችኋል። የውሃ አባቱ ተራችሁ ሲደርስ ያስታውቃል። ዕቁብ ሰብሳቢው ቤት ድረስ ይመጣል። ክትባት ግን አይደውልም። የደም ግፊት ደግሞ ጭራሽ ድምፅ የለውም፤ ድምፁን የምንሰማው ሰውየውን ሲጥለው ነው። የሚጮኸው ግብ ጸጥ ያለውን ይበልጠዋል።

እኔም ከጥፋቱ ነጻ አይደለሁም። የገዛ ልጄ የ15 ወር ክትባት ከሁለት ወር በላይ አልፎት ነበር። ባለቤቴም ሥራ አላት፣ እኔም ተረኛ እየሆንኩ አድራለሁ። እኔ «እሷ አስከትባዋለች» ብዬ፣ እሷ «ሐኪሙ እሱ፣ እንዴት ይረሳል» ብላ ተቀመጥን። በየቀኑ የሌላ ሰው ልጅ ካርድ እያየሁ የልጄን ካርድ አልገለጥኩም። የወሩ የተረኝነት ፕሮግራሜን ግን በቃሌ አውቀው ነበር። አፍሬ ነው የምነግራችሁ። ያን ቀን የተማርኩት፣ ዕውቀት ብቻውን ልጅ እንደማያስከትብ ነው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ የጤና ጉዳይ በቤታችሁ አንድ ሰው በስም ይመደብ። «እናስከትበዋለን» ሳይሆን «አንተ ታስከትበዋለህ» ይባል። የሰባት ዓመት ልጅም ቢሆን «የአያትህን የግፊት ክኒን ጠዋት ጠዋት የምታስታውሰው አንተ ነህ» ቢባል በደስታ ይሠራዋል። ክኒን ቆጥሮ መስጠቱ ግን የአዋቂ ሥራ ነው።

አባቶች፣ እዚህ ላይ እናንተን አነጋግራለሁ። የውሃ ተራችሁን ቀንና ሰዓት ከእንቅልፋችሁ ብትቀሰቀሱ ትናገራላችሁ። የልጃችሁ ቀጣይ ክትባት መቼ ነው? የማታውቁ ከሆነ ዛሬ ማታ ካርዱን ጠይቁና እዩት። እናትየዋ አርማ፣ ጋግራ፣ ውሃ ቀድታ፣ ገበያ ወጥታ፣ ልጅም አሳክማ የምትችለው እስከ ተወሰነ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ የሚወድቀው የእሷ ጤና ነው። ብዙ እናቶች ልጅ ይዘው መጥተው ሲወጡ በር ላይ «ለእኔም ያመኝ ነበር፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ» ይሉኛል። ያ ሌላ ቀን አይመጣም።

3. አጋዥ መጨመር፦ ወንፈል ለልጅም ይሁን

ወደ መጀመሪያው ታሪክ ልመለስ። ልጁን አስተኝተን መርፌ ጀመርንለት። ከሰዓት በኋላ አባትየው እግሩ ላይ ጭቃው ሳይደርቅ ደረሰ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ «ስንት ቀን ይቆያል ዶክተር?» አለኝ። ነገርኩት። ቀኑን በጣቱ ቆጠረ፣ ስልኩን አወጣና ወንድሙን ጠራው። «የቀረውን ተራ አንተ ያዝልኝ፣ እኔ በሚቀጥለው ያንተን እይዛለሁ» አለ። ወንድምየው እሺ አለ። ንግግራቸው ከአንድ ደቂቃ አልበለጠም።

ልጁ ደህና ሆኖ ወጣ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን ያቺን ስልክ እስከ ዛሬ አስባታለሁ። ከሁለት ቀን በፊት ብትደወል ኖሮ ልጁ በክኒን ብቻ ይድን ነበር። አባትየው ክፉ ሆኖ አይደለም ያልደወለው። ለአዝመራ ሰው መጥራት ወግ ነው፤ ልጅ ለማሳከም ብሎ ሰው መጥራት ግን አልተለመደም፣ ያሳፍራል።

ይህን እንቀይረው። በአገራችን ወንፈል አለ፤ ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለአንተ። አጨዳና አረም በወንፈል ከተሠራ፣ ልጅ መጠበቅና ሐኪም ቤት መሄድ ለምን አይሠራም? ሦስት አራት ጎረቤታሞች ሆናችሁ በአረምና በለቀማ ቀን አንዷ ሕፃናቱን ጥላ ሥር ትጠብቅ፣ በሚቀጥለው ሌላዋ። ይህ ሌላም ጥቅም አለው፤ ሕፃናት ኬሚካል ከተረጨበት ማሳ ይርቃሉ። ሽንኩርት ላይ የምትረጩት ኬሚካል ለትልቅ ሰውም አደገኛ ነው። የረጨ ሰው ገላውን ሳይታጠብና ልብሱን ሳይቀይር ልጅ አይቀፍ። የኬሚካሉ ዕቃ ደግሞ ቢታጠብም ውሃ አይቀዳበት።

እንቅፋት ማንሳትም እዚሁ ነው። ሰው ከሚዘገይባቸው ምክንያቶች አንዱ ገንዘብ በእጁ አለመኖሩ ነው። ሽንኩርቱ ወይም ማሾው በተሸጠ ጊዜ ሁለት ነገር ፈጽሙ። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን መዋጯችሁን ወረዳችሁ በሚያስታውቀው ጊዜ ክፈሉ፤ ለባጃጅ ወይም ለመኪና የምትሆን ትንሽ ብርም ለይታችሁ አስቀምጡ። ለትኩሳት ደግሞ መጀመሪያ የሚቀርባችሁን ጤና ኬላ አስቡ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በጣት ደም ወባን መርምራ ማከም ትችላለች። ሁለት ሰዓት ተጉዞ ከተማ መድረስ የግድ ላይሆን ይችላል። ማሽላ ጥበቃ የሚያድር ልጅ ካላችሁም አጎበሩን ወደ ማማው ይውሰደው፤ በአራት እንጨት ይወጠራል።

4. ግቡን ማሻሻል፦ ከሁሉም የሚከብደው

አንዳንድ ጊዜ ማከፋፈልም፣ ማሰለፍም፣ ሰው መጥራትም አይበቃም። ያኔ ግቡን ራሱን መቀነስ ወይም ማራዘም ያስፈልጋል። ይህ ለእኛ ሽንፈት ይመስለናል። አይደለም።

በአካባቢያችን ያለፉት ዓመታት ቀላል አልነበሩም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጠለች፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ገባ። ሱቁን፣ ከብቱን፣ ቤቱን ያጣ ብዙ ነው። ከዚያ ወዲህ የጠፋውን ሁሉ በአንድ ዓመት ለመመለስ ሲሮጡ ራሳቸውን የጎዱ አባቶችና እናቶችን አያለሁ። በዓመት ሁለት ጊዜ ሽንኩርት፣ የቤት ግንባታ፣ ለጥር ሰርግ ድግስ፣ በዚያ ላይ ያልታከመ የደም ግፊት። «ይህ ይለፍና እታከማለሁ» ይላሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ቤቱ በአንድ ዓመት ፈንታ በሁለት ዓመት ቢያልቅ ማንም አይሞትም። ግፊት ያለበት ሰው መድኃኒቱን ለሁለት ዓመት ቢያቆም ግን ቤቱን ሠርቶ ላይገባበት ይችላል።

ጨቅላ ያለባት ቤትም እንዲሁ ናት። ሕፃን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። በሮቢት ሙቀትም ቢሆን ውሃ አያስፈልገውም፤ የጡት ወተት ራሱ አብዛኛው ውሃ ነው። «ጠምቶታል» ተብሎ የሚሰጠው ውሃ ተቅማጥ ያመጣል። እናት ግን ቀኑን ሙሉ ማሳ ላይ ከዋለች ምን ይሁን? ታልቦ የተቀመጠ ወተትም በእኛ ሙቀት ቶሎ ስለሚበላሽ ረጅም ሰዓት ውጭ ማቆየት አይቻልም። መልሱ ሕፃኑን ወደ እናቱ ማምጣት ወይም የእናትየዋን ሥራ ወደ ቤት ማቅረብ ነው።

ደመወዝተኛ ለሆኑ እናቶች የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዝ ፈቃድ ይሰጣል። 90 ቀን 3 ወር ነው፤ ጡት ብቻ የሚጠባበት ጊዜ 6 ወር ነው። ቀሪውን 3 ወር ቤተሰቡ ካላገዘ የሚሞላው የለም። ያው አዋጅ ለአባት የሰጠው 3 ቀን ብቻ ነው። በእኔ እምነት ይህ አባትን እንደ ጠያቂ ዘመድ መቁጠር ነው። ገበሬ፣ ነጋዴና ሆቴል ውስጥ በቀን ሒሳብ የምትሠራ እናት ደግሞ ይህችም የላቸውም። ለእነሱ ፈቃድ ሊሰጥ የሚችለው ቤተሰቡ ነው። ባል፣ አማት፣ እህት ተቀምጣችሁ «እስከ 6 ወር ይህን ይህን ሥራ አትሠራም» ብላችሁ ወስኑላት። የዚያ ዓመት ምርት ትንሽ ቢቀንስ፣ የቀነሰው በውሳኔ ነው።

ለሥራ ባልደረቦቼም አንድ ቃል

እኛም የምንቀይረው አለን። «እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?» የሚለው ጥያቄ ማንንም አላዳነም፤ በሚቀጥለው ጊዜ እናትየዋ ተቆጪውን ፈርታ እንድትዘገይ ብቻ ነው የሚያደርገው። ቀጠሮ ስንሰጥ «የገበያ ቀናችሁ መቼ ነው? የውሃ ተራችሁስ?» ብለን እንጠይቅ። የሰንበቴ ገበያ እሑድ እንደሆነ እያወቅን ለነጋዴዋ ሰኞ ማለዳ ቀጥረን «ቀረች» ማለት የእኛ ጥፋት ነው። ለአንድ ክትባት የመጣችን እናት ግማሽ ቀን ማስቀመጥም እንዲሁ።

ዛሬ ማታ የምታደርጉት

ሁሉንም በአንድ ቀን አድርጉ አልልም። ከእራት በኋላ አሥር ደቂቃ ቁጭ በሉና ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ሦስት ነገር ብቻ ተነጋገሩ።

ቀን፦ ቀጣዩ ክትባት፣ ክትትል ወይም የመድኃኒት ቀጠሮ መቼ ነው? የውሃ ተራችሁን ወይም የሥራ ፈረቃችሁን በምትጽፉበት ቦታ ላይ ጻፉት። በየቀኑ የሚወሰድ ክኒንን ደግሞ ከማትረሱት ነገር ጋር አያይዙት፤ ከጠዋት ጸሎት ወይም ሶላት ጋር፣ ከቁርስ ጋር። በረመዳን ወይም በጾም የሰዓት ለውጥ ካለ ራሳችሁ ሳትቀይሩ አስቀድማችሁ አማክሩን።

ባለቤት፦ ማን ይወስደዋል? በስም።

ተተኪ፦ በዚያ ቀን ውሃ፣ ገበያ ወይም ሥራ ቢገጥም ማንን ነው የምንጠራው? ስሙንና ስልኩን አሁኑኑ ተስማሙበት፤ ልጅ ሲያተኩሰው አይደለም ተተኪ የሚፈለገው።

በደሴ መንገድ የምትመላለሱ ሹፌር ወንድሞቼም ብትሆኑ ይህ ይመለከታችኋል። ለመኪናው ዘይት የምትቀይሩበትን ኪሎ ሜትር ታውቃላችሁ፤ የግፊት መለኪያ ቀናችሁንም እዚያው ደብተር ላይ ጻፉት፣ ክኒናችሁም ጋቢና ውስጥ በፀሐይ ሳይሆን ከእናንተ ጋር ይጓዝ።

ይህ ጽሑፍ አጠቃላይ ምክር ነው፤ የእናንተን ሁኔታ አይቶ የሚያክማችሁን ባለሙያ አይተካም።

እናንተስ? እርሻው፣ ንግዱ ወይም ቢሮው ሲበዛ የልጃችሁን ጤና በምን ዘዴ ታስኬዱታላችሁ? እኔ ያላሰብኩት ዘዴ እንዳላችሁ እርግጠኛ ነኝ። ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ አንዱ ለሌላው ይጠቅማል። አባት የሆነ ወዳጅ ካላችሁ ደግሞ ሼር አድርጉለት።

ጤና ይብዛላችሁ።